በጾም ወራት የሚተርፈውን ወተት በአይብ መልክ ማቆየት

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

ጻድቁ ኢዮብ በማኅፀን ስለ መፈጠሩ ሲናገር ነገሩን ከወተት መርጋት ጋር አመሳስሎታል (ኢዮ. ምዕራፍ 10)። ምሳሌው ለሰሚው ሁሉ ግልጽ የነበረው ወተት ሲረጋ ማየት በየቤቱ የተለመደ ስለ ነበረ ነው። በአገራችንም እናቶቻችን ወተቱን አርግተው፣ ቅቤውን ንጠው፣ ከአሬራው አይብ አውጥተው ቤተሰብ ሲመግቡ ኖረዋል። በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ይህንኑ የቆየ ሙያ የሚመለከት ነው። ዓላማችንም ሙያውን በሌላ ለመተካት ሳይሆን የጎደለውን ጥቂት ነገር ለማሟላት ነው።

ጉዳዩን ያስነሣው ችግር እንዲህ ነው። ምእመናን ሲጾሙ ላሚቱ ወተት መስጠቷን አታቆምም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በቀን 3 ሊትር የምትታለብ አንዲት ላም በእነዚህ ቀናት 165 ሊትር ወተት ትሰጣለች። ለጾም ያልደረሱ ሕፃናትና በሕመም ምክንያት የተፈቀደላቸው ሰዎች ከዚህ ይጠጣሉ፤ ሊጠጡም ይገባል። የሚተርፈው ግን ገበያ ይፈልጋል፤ በጾም ደግሞ የወተት ገዢ ያንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይብና ቅቤ ይፈልጋል። ስለዚህ አርቢው ወተት ባለው ጊዜ ገዢ የለውም፤ ገዢ በመጣ ጊዜ ደግሞ የሚሸጠው የለውም። በሁለቱ መካከል የሚጠፋው ወተት የብዙ ቤተሰብ የትምህርት ቤት ደብተርና የክረምት ዘር መግዣ ነው።

1. ከራሳችን ስሕተት የተማርነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ ለተደራጁ እናቶች በጨው ውኃ ውስጥ የሚቆይ አይብ አሠራር አስተማርን። ሥራው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ተጀመረ፤ እናቶቹም ለሦስት ሳምንታት ከየቤታቸው የተረፈውን ወተት እያዋጡ አይቡን በባልዲ አጠራቀሙ። ለጎረቤትና ለዘመድም ለፋሲካ አይብ እንደሚያደርሱ ቃል ገቡ። በቀዳም ሥዑር ባልዲዎቹ ሲከፈቱ አይቡ ለስልሶ፣ አዝልጎ፣ ጠረኑም ተለውጦ ተገኘ። የሦስት ሳምንት ወተት በአንድ ቀን ተደፋ።

ምክንያቱን ስንመረምር ጥፋቱ የእናቶቹ አለመሆኑን አወቅን። እኛ ያልናቸው «በቂ ጨው ጨምሩበት» ብቻ ነበር። ማንኛዋም ባለሙያ የጨውን መጠን የምታውቀው በመቅመስ ነው፤ እነርሱ ግን ጾመኞች ስለ ነበሩ ሊቀምሱ አይችሉም ነበር። እያንዳንዷ በዓይኗ ገምታ ጨመረች፤ ግምቱም አነሰ። ለጾመኛ የሚሰጥ የአይብ ትምህርት በምላስ ላይ ሊመሠረት እንደማይችል ያኔ ተረዳን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ በሚዛን፣ በመስፈሪያ፣ በዓይንና በአፍንጫ የሚረጋገጥ እንዲሆን ጥረናል።

2. በመጀመሪያ ወተቱን ማዘጋጀት

ከመጥፎ ወተት ጥሩ አይብ አይገኝም። ጥሬ ወተት የከብት ሳንባ ነቀርሳንና ላሞችን የሚያስወርደውን ብሩሴሎሲስ የተባለ በሽታ ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ብዙዎቻችን ወተቱ መጣጣነት ካገኘ ወይም አሬራው ለብ ካለ በሽታው የሚጠፋ ይመስለናል። ይህ ትክክል አይደለም። አሬራ የሚረጋበት መካከለኛ ሙቀት ለአይቡ መውጣት ይበቃል እንጂ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ወተቱ ሳይረጋ በፊት ሊሞቅ ይገባዋል። ቴርሞሜትር ያለው በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ያቆየው፤ የሌለው ደግሞ አንድ ጊዜ እስኪገነፍል ያፍላው።

የፈላ ወተት በራሱ ጊዜ በደንብ አይረጋም፤ የሚያረጋውን እርሾ እሳቱ አጥፍቶበታልና። ስለዚህ ወተቱ ለብ እስኪል ከቀዘቀዘ በኋላ ለ10 ሊትር 3 የቡና ሲኒ ያህል እርጎ ይጨመርበታል። እርጎው ራሱ ከፈላ ወተት የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ ከጥሬ ወተት የተገኘ እርጎ ከተጨመረ በእሳት ያስወጣነውን በሽታ በሲኒ መልሰን ማስገባታችን ነው። ከዚያ ወዲያ ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት እርጎ ለሚቀጥለው ማስቀረት ይቻላል።

በጡት በሽታ የተያዘች ላም ወተት ከሌላው አይቀላቀል። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተትም የእንስሳት ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ለሰው አይሰጥ፤ መድኃኒቱ ሰውን ከመጉዳቱ ሌላ እርሾውን ስለሚገድለው ወተቱ አልረጋ ይላል።

ዕቃን በተመለከተ፣ በወይራ ጭስ ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ ጠረን ይሰጣል፣ ተሕዋስያንንም ያዳክማል። ነገር ግን ያልታጠበ ዕቃ ቢታጠን አይነጻም። አስቀድሞ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያም ይታጠን። የተፋፋቀ የፕላስቲክ ባልዲ በጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ አይመከርም። ኮምጣጣ ነገር አሉሚኒየምን ስለሚበላ እርጎና አይብ በአሉሚኒየም ድስት ውስጥ አይደር።

3. ሦስት ዓይነት አይብ

ሀ/ የአሬራ አይብ

ይህ ሁላችንም የምናውቀው ነው። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣለት በኋላ አሬራው በለስላሳ እሳት ይሞቃል። ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሁሉ ይረጋል፤ የሚገኘውም የአይብ መጠን በሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም። ከ60 ሲያልፍ ግን ትንሽ የመቀቀል ጣዕም ያመጣል። ዋናው ነገር እሳቱን አለማቻኮልና አለማማሰል ነው፤ የሚማሰል አይብ ይደቅቅና ከአጓቱ ጋር ይፈሳል። አይቡ ከላይ ተሰብስቦ አጓቱ ከሥር ጠርቶ ሲታይ ድስቱ ይወርዳል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠለላል።

በተለመደው አሠራር ከ8 ሊትር ገደማ ወተት 1 ኪሎ አይብ ይገኛል። ከአይቡ ክብደት አምስት እጁን ብንከፍለው አራቱ ያህል ውኃ ነው፤ ፕሮቲኑ ከመቶ 15 ገደማ ሲሆን ስቡ ግን በቅቤ ስለወጣ ጥቂት ብቻ ነው። ቶሎ የሚበላሸውም ውኃው ስለሚበዛ ነው።

ለ/ የሎሚ አይብ

ይህ ዓይነት ከአሬራ ሳይሆን ካልተናጠ ወተት የሚሠራ ስለሆነ ስቡን እንደያዘ ይቀራል፤ ጠንከር ብሎ በቢላ ይቆረጣል። ወተቱ ሊፈላ እስኪቃረብ፣ ማለት እስከ 85 ወይም 90 ዲግሪ ይሞቅና ከእሳት ይወርዳል። ከዚያ የተጣራ የሎሚ ጭማቂ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ በዝግታ ይማሰላል። ለ10 ሊትር ወተት 3 የቡና ሲኒ ያህል ይበቃል፤ እንደ ሎሚው ኮምጣጣነት ሊበዛም ሊያንስም ይችላል። መጠኑን የሚነግረን አጓቱ ነው፦ ነጭና ደፍራሳ ከሆነ ጭማቂው ገና ነው፤ ጠርቶ ወደ ቢጫነት ሲያዘነብል ይቆማል። ሎሚ በማይገኝበት ቦታ ኮምጣጤ ይተካዋል።

የረጋው ከ10 ደቂቃ በኋላ በጨርቅ ይጠለላል፤ ጨርቁ ተቋጥሮ ንጹሕ ድንጋይ ወይም ውኃ የተሞላ ዕቃ ተጭኖበት ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ይቆያል። ከ10 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ይወጣል። ወተቱ በሥራው መካከል በደንብ ስለሚሞቅ ለብቻው ማፍላት አያስፈልገውም፤ እርሾም አይሻም። ለጀማሪ ማኅበር ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው።

ሐ/ በቅመም የሚብላላ አይብ

በሰሜን ምዕራቡ የአገራችን ክፍል፣ በተለይም በጎጃም፣ አይብን ከቅመማ ቅመም ጋር አዋሕዶ በሸክላ ዕቃ በማብላላት ለረጅም ጊዜ የማቆየት ሙያ አለ። አጓቱ በሚገባ የተንጠፈጠፈ አይብ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከጥቁር አዝሙድና ከመሳሰሉት ጋር ይለወሳል፤ በታጠነ ሸክላ ተጠቅጥቆ ይከደናል፤ በመብላላቱ ጊዜ የሚወጣው አጓትም እየተጠነቀቀ ይንጠፈጠፋል። መጣጣነቱ፣ የውኃው መቀነስና ቅመሙ ተባብረው ይጠብቁታል። ይህ ሙያ በጽሑፍ ሳይሆን በእጅ የሚወረስ ነው። ስለዚህ በአጥቢያችሁ ሙያውን የሚያውቁ አረጋውያን እናቶች ካሉ፣ ወጣቶቹ በዕድሜያቸው ሳሉ ከእነርሱ እንዲማሩ ማድረግ የሰበካ ጉባኤው መልካም ሥራ ይሆናል።

በከተማ ፎርማጆ የምንለው ደረቅ አይብ ወተት ማርጊያ መድኃኒት፣ መጭመቂያና ለወራት ቀዝቃዛ ሆኖ የሚቆይ ክፍል የሚጠይቅ ስለሆነ ለመጀመሪያ ሥራ አንመክረውም።

4. አይብን ማቆየት

ጨው ያልገባበት የአሬራ አይብ ያለ ማቀዝቀዣ በደጋ አገር ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በማቀዝቀዣ ደግሞ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። በአንድ ኪሎ አይብ 20 ግራም፣ ማለት አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ቢገባበት መበላሸቱ ትንሽ ይዘገያል እንጂ 55 ቀን አይዘልቅም። ትኩስ አይብ በፍጹም ከነሙቀቱ አይከደን፤ ላቡ ተመልሶ ያሻግተዋል።

እስከ ፋሲካ እንዲደርስ የሚፈለገው የሎሚ አይብ በጨው ውኃ ይቀመጣል። በፍልስጤም የናብሉስ ከተማ ሰዎች አይባቸውን በጨው ውኃ ቀቅለው በብዙ ጨው ውስጥ በማኖር ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ያቆዩታል። ከእነርሱ የወሰድነው ሥርዓት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ውኃ 200 ግራም ጨው በሚዛን ተለክቶ ይጨመርና ይፈላል።

ሁለተኛ፣ የተጨመቀው አይብ ግማሽ መዳፍ በሚያህል ልክ ተቆርጦ በዚያው በሚፈላው ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይቀቀላል። የሎሚ አይብ በሙቀት አይቀልጥም።

ሦስተኛ፣ አይቡ በፈላ ውኃ በታጠበ የመስታወት ወይም የሸክላ ዕቃ ይደረደራል፤ የጨው ውኃውም ከቀዘቀዘ በኋላ እስኪሸፍነው ይሞላበታል። ከውኃው በላይ የሚንሳፈፍ ቁራጭ ይሻግታልና ንጹሕ ሳሕን ይጫንበት።

አራተኛ፣ ዕቃው ተከድኖ ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል። የተሠራበት ቀን ይጻፍበት። በየሳምንቱ ይታይ፤ እጅ ግን አይግባበት፤ ማውጫው የፈላ ማንኪያ ይሁን።

ለመብላት ሲፈለግ አይቡ አንድ ሌሊት በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ውኃው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይለወጥ፤ ጨውም ይለቅለታል። ከተዘፈዘፈ በኋላ ግን እንደ ትኩስ አይብ ስለሚቆጠር በዚያው ቀን ይበላ።

ከ165 ሊትሩ አብዛኛውን ወደ ቅቤ መለወጥም አይዘንጋ። ከ20 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ገደማ ቅቤ ይገኛል፤ ተነጥሮ ውኃው ካለቀለት ለወራት ይቆያል። ብልህ ባለሙያ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወተት ለንጥር ቅቤና ለጨው ውኃ አይብ፣ የሰሙነ ሕማማቱን ወተት ደግሞ ለትኩስ የአሬራ አይብ ታደርጋለች።

5. ሳይቀምሱ ማወቅ

የጨው ውኃው ከቀዘቀዘ በኋላ በብርጭቆ ትንሽ ተቀድቶ የታጠበ ጥሬ እንቁላል ይጨመርበት። እንቁላሉ ከሰመጠ ጨው አልበቃም ማለት ነው፤ ከተንሳፈፈ ብቻ ይቀጠል። ይህ ሚዛኑን የሚያረጋግጥ እንጂ የሚተካ አይደለም። የብርጭቆው ውኃ ይደፋ፤ ወደ አይቡ አይመለስ።

ጥሩ አይብ ነጭ ወይም ክሬም የመሰለ፣ ጠረኑ የወተትና የለዘብተኛ መጣጣነት ነው። የሚከተሉት ከታዩ ሳይቀመስ ይወገድ፦ ማዝለግ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም፣ የበሰበሰ ጠረን፣ የክዳኑ ማበጥ፣ የውኃው አረፋ መድፈቅ። ሻጋታን ከላዩ ገፎ ቀሪውን መሸጥ ሥር የሰደደውን ችግር ለገዢው ማሳለፍ ነው። በጾም ወቅት የሚሠሩ እናቶች ዕቃዎችንም ይለዩ፤ የፍስክ ዕቃ ከጾም ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል የሚደረገው ጥንቃቄ ለንጽሕናም ይረዳል።

6. በማዕድ ላይ

አይብ የሚጣፍጠው ከጎኑ ያለውን ሲያውቅ ነው። ትኩስ የአሬራ አይብ የዶሮ ወጥን በርበሬ ያበርዳል፤ ከጎመን ጋር ተለውሶ ከክትፎ አጠገብ ይቀርባል። ጤና አዳም ተከትፎ ቢገባበት ሽታው ያምራል፤ ሚጥሚጣና ኮረሪማ በንጥር ቅቤ ሲጨመርበትም ለእንግዳ የሚቀርብ ይሆናል። የሎሚ አይብ ተቆርጦ በቅቤ ቢጠበስ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ በወጥ ውስጥም ይገባል። አጓቱም አይደፋ፤ የዳቦ ሊጥ ማቡኪያና የጥጆች መጠጥ ይሆናል። ለሰንበቴና ለዝክር የሚቀርብ አይብ ግን በዋዜማው የተሠራ ይሁን፤ ብዙ ሰው በአንድ ማዕድ በሚመገብበት ቦታ የአንድ ዕቃ መበላሸት ብዙ ሰው ያሳምማል።

7. የሰበካው ድርሻ

ሥራውን የሚሠሩት እናቶች ናቸው። የሰበካ ጉባኤው ድርሻ ግን አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይገዛውን ነገር ማሟላት ነው፦ አንድ ሚዛን፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ የማይዝግ ትልቅ ድስትና የመስታወት ዕቃዎች። አባቶች ካህናትም ከቅበላ በፊት ባለው እሑድ ከትምህርት በኋላ ጉዳዩን ቢያነሡት ምእመናን ሳይዘናጉ ይዘጋጃሉ። ለሕፃናት የሚገባው ወተት ለገበያ ሲባል እንዳይቀነስ ማሳሰብም የእነርሱ ነው፤ አይብ የሚሠራው ከትርፉ እንጂ ከሕፃኑ ሲኒ አይደለም።

ቀደም ሲል የጠቀስናቸው እናቶች በቀጣዩ ዓመት ሥራውን እንደገና ለመጀመር አመንትተው ነበር፤ ልክም ነበሩ። ሚዛንና እንቁላል ይዘን ሄድን፤ ስሕተቱ የእኛ እንደ ነበረም በጉባኤው ፊት ተናገርን። በሁለት ዕቃ ብቻ ሞከሩ። በቀዳም ሥዑር ሲከፈት አይቡ ጠንክሮና ነጥቶ ተገኘ። ሁለት ዕቃ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለጎረቤት የተሰጠው ቃል ተፈጸመ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን በዐቢይ ጾም በቀን ስንት ሊትር ወተት ይተርፋል? በአካባቢው የጾምና የፋሲካ ዋጋ ብናሰላው፣ 165 ሊትሩ በወተትነቱ ቢሸጥና 8 ኪሎ ቅቤና 20 ኪሎ አይብ ሆኖ ቢሸጥ ልዩነቱ ስንት ብር ነው? የማገዶውና የጨው ወጪው ተቀንሶ ይታይ።
2. ወተት ሳያፈሉ የማርጋት ልማድ በአካባቢያችን አለ? ልማዱን ለማረም ማን ቢናገር ይሰማል?
3. አይብ በቅመም አብላልተው የሚያቆዩ እናቶች በሰበካችን አሉ? ሙያቸውን ከማን ጋር እናገናኘው?
4. ለመጀመሪያው ጾም በስንት ዕቃ እንጀምር? ዕቃዎቹን በየሳምንቱ የምትመለከተዋስ ማን ትሁን?